የኡሑዱ ሰንደቅ ያዥ፦ ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር (ረ.ዐ.)

ከመዲና በስተሰሜን፣ ከነቢዩ መስጊድ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የኡሑድ ተራራ ቀላ ባለ ድንጋዩ ተንጣልሎ ይታያል። በግርጌው በአጥር የተከለለ ገላጣ ሜዳ አለ። ሐውልት አልቆመበትም፤ ስም የተቀረጸበት የእብነ በረድ ሰሌዳም የለበትም። አፈርና ጥቂት ድንጋዮች ብቻ ይታያሉ። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በሸዋል ወር (እ.ኤ.አ. በ625) በኡሑድ ዘመቻ የተሰዉት 70 ሰሓባዎች ያረፉት በዚህ ስፍራ ነው። ለሐጅና ለዑምራ ከየአገሩ የሚመጣው ዘያሪ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሰላምታ ያቀርብላቸዋል፤ ዱዓ ያደርግላቸዋል። አብዛኛው ሰው የሐምዛን (ረ.ዐ.) ስም ጠርቶ ይመለሳል። ሐምዛ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አጎትና የሸሂዶች አለቃ ነውና ይህ የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ በዚያው አፈር ውስጥ ያለው ሌላው ሰው፣ የዕለቱን ሰንደቅ ይዞ የወደቀው ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር፣ ታሪኩ ሳይታወስ የሚታለፍ ሰው አይደለም።

ከሀበሻ ምድር ለሚመጣ ዘያሪ ደግሞ ይህ ሜዳ የተለየ ትስስር አለው። የሲራ ጸሐፊው ኢብኑ ኢስሓቅ እንደዘገበው በዕለቱ ከመካ ሙሃጂሮች የተሰዉት አራት ናቸው፤ እነርሱም ሐምዛ፣ ሙስዐብ፣ ዐብደላህ ኢብኑ ጀሕሽና ሸማስ ኢብኑ ዑስማን ናቸው። ከእነዚህ ከአራቱ ሦስቱ፣ ማለትም ከሐምዛ በስተቀር ሁሉም፣ ሃይማኖታቸውን ይዘው ባሕር የተሻገሩና በነጃሺ አገር ተጠልለው የነበሩ ናቸው።

ሙስዐብ የተወለደው በመካ፣ ከቁረይሽ ነገድ በበኑ ዐብዱ-ዳር ጎሳ ነው። የካዕባ ቁልፍ በዚህ ጎሳ እጅ ነበር፤ ቁረይሽ ለጦርነት ሲወጣም ሰንደቁን የመያዝ መብት የእነርሱ ነበር። እናቱ ኹናስ ቢንት ማሊክ ባለጸጋና ቃሏ የማይታጠፍ ሴት ነበረች። ልጇን እጅግ ትወደው ስለነበር ከመካ ወጣቶች ሁሉ የላቀውን ልብስ ታለብሰው፣ ምርጡን ሽቶ ታስቀባው ነበር። ጫማው እንኳን ከሐድረመውት የሚመጣ ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ወጣትነቱ ሲያወሱ ከመልኩና ከልብሱ የሚጀምሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሕይወቱ ፍጻሜ የሚመጣውን ነገር ያውቃሉና ነው።

ይህ በምቾት ያደገ ወጣት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሰፋ ኮረብታ አጠገብ በአርቀም ቤት በድብቅ እንደሚያስተምሩ ሰማ፤ ሄደም፤ ሰለመም። ቁረይሽን እንዳልፈራ ይነገርለታል፤ የፈራው እናቱን ነበር። ስለዚህ እስልምናውን ሸሽጎ ወደ አርቀም ቤት በስውር ይመላለስ ጀመር። ምስጢሩ ግን ብዙ አልቆየም። የገዛ ጎሳው ልጅ ዑስማን ኢብኑ ጠልሓ ሲሰግድ አየውና ለእናቱና ለዘመዶቹ ነገራቸው። ይዘው አሰሩት፤ በቤትም ቆለፉበት። ሽቶና ሐር የለመደው ልጅ በእናቱ ቤት እስረኛ ሆነ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦቻቸው ማንም የማይበደልበት ንጉሥ ወዳለበት ወደ ሀበሻ እንዲሰደዱ በነብይነታቸው በ5ኛው ዓመት (እ.ኤ.አ. በ615) ሲያመላክቱ፣ ሙስዐብ ከታሰረበት አምልጦ ከመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ጋር ተቀላቀለ። ግማሾቹ በእግር፣ ግማሾቹ በእንስሳት ሆነው ወደ ሹዐይባ ወደብ ወረዱ። በዚያም ሁለት የነጋዴ መርከቦች አገኙ፤ በግማሽ ዲናርም ተሳፈሩ። የቁረይሽ አሳዳጆች ባሕሩ ዳር ሲደርሱ መርከቦቹ ርቀው ነበር። ሙስዐብ በሀበሻ ምድር ከእናቱ ቁልፍና ከጎሳው ዱላ ርቆ፣ ማንም ሳያውከው ጌታውን ያመልክ ጀመር።

ከጥቂት ወራት በኋላ መካውያን ሰልመዋል የሚል ወሬ ስደተኞቹ ዘንድ ደረሰ። ወሬው ሐሰት ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎች ተመለሱ፤ ሙስዐብም አብሯቸው ነበር። የተመለሰው ግን የሄደው ወጣት አልነበረም። ቆዳው ሻክሯል፤ ልብሱ አልቋል። እናቱም የመጨረሻ ፍርዷን ሰጠች፤ ከእንግዲህ ገንዘብም ልብስም ከእርሷ እጅ አያገኝም። ሙስዐብ ከዚያች ዕለት በኋላ ወደ ቀድሞው ድሎት አልተመለሰም።

በነብይነቱ በ12ኛው ዓመት ከየሥሪብ የመጡ 12 ሰዎች በዐቀባ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል ኪዳን ሰጡ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ቁርኣን የሚያስተምራቸውና ሃይማኖታቸውን የሚያስረዳቸው ሰው አስፈለጋቸው። የተመረጠው ሙስዐብ ነበር። ከእርሱ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ለነቢዩም በዝምድና የሚቀርቡ ሰዎች እያሉ እርሱ መላኩ ብልህነቱንና ትዕግሥቱን ያሳያል። ተልእኮውም ቀላል አልነበረም። አውስና ኸዝረጅ የተባሉት የየሥሪብ ነገዶች ለረጅም ዘመን ሲዋጉ ኖረው ገና ቁስላቸው አልሻረም ነበር። አንዱ ነገድ ከሌላው ወገን በሆነ ኢማም መመራት ስላልወደደ ሶላት የሚያሰግዳቸው ይኸው ከመካ የመጣ እንግዳ ሆነ። ማረፊያው የአስዐድ ኢብኑ ዙራራ ቤት ሲሆን፣ ሕዝቡም ሙቅሪእ፣ ማለትም አስነባቢ፣ እያለ ይጠራው ጀመር።

አንድ ቀን አስዐድና ሙስዐብ የበኑ ዘፈር ወደሆነ አንድ የአትክልት ስፍራ ገብተው በጉድጓድ ውኃ አጠገብ ተቀመጡ፤ አማኞችም ተሰበሰቡላቸው። የአውስ አለቃ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ ይህን ሰማ። አስዐድ የአክስቱ ልጅ ስለነበር ራሱ ሄዶ መጋፈጡ ከበደው፤ ስለዚህ ኡሰይድ ኢብኑ ሑደይርን ላከ። ኡሰይድ ጦሩን ይዞ መጣ፤ እየተሳደበ ሕይወታቸውን ከወደዱ ከሰፈሩ እንዲወጡ አዘዛቸው። ሙስዐብ አልተቆጣም፤ አልሸሸምም። ተቀምጦ ጥቂት እንዲያዳምጥ ጠየቀው፤ የሰማው ነገር ደስ ካሰኘው እንዲቀበለው፣ ካልወደደው ግን የጠላውን ነገር እንደሚያቆሙለት አስረዳው። ኡሰይድ ሐሳቡ ፍትሐዊ ሆኖ አገኘውና ጦሩን መሬት ላይ ሰክቶ ተቀመጠ። ቁርኣን ተነበበለት። ገና ከመናገሩ በፊት እስልምና በፊቱ ላይ ይነበብ እንደነበር የዓይን ምስክሮቹ ኋላ ተርከዋል።

ኡሰይድ ሰዕድንም በዘዴ ወደዚያው ስፍራ ላከው። እርሱም በቁጣ መጣ፤ ያው ግብዣ ቀረበለት፤ እርሱም ጦሩን ሰክቶ አዳመጠ። ከዚያ ወደ ወገኖቹ ተመልሶ፣ በአላህና በመልእክተኛው እስካላመኑ ድረስ ከወንዱም ከሴቱም ጋር እንደማይነጋገር ነገራቸው። ያች ቀን ሳትመሽ የዐብዱል-አሽሀል ሰዎች ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም ሰለሙ። ያ አንድ ሰው፣ ኡሰይሪም እየተባለ የሚጠራው ዐምር ኢብኑ ሣቢት፣ እስከ ኡሑድ ዕለት ድረስ ቆየ። በዚያች ጠዋት ሰልሞ፣ ሰይፉን ይዞ ወጥቶ፣ አንዲት ሶላት እንኳን ለመስገድ ጊዜ ሳያገኝ ሸሂድ ሆነ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከተማዋ ሳይገቡ በፊት እስልምና ብዙውን የየሥሪብ ቤት ያንኳኳው በአንድ ሰው አንደበት ነው። መዲና በሰይፍ ሳይሆን በቁርኣን ተከፈተች የሚባለው ይህን የሙስዐብን ሥራ በማሰብ ነው። በቀጣዩ ዓመት 73 ወንዶችና 2 ሴቶች ለሁለተኛው የዐቀባ ቃል ኪዳን ወደ መካ ሲወርዱ እርሱም አብሯቸው መጣ። ልጇ መካ ገብቶ አስቀድሞ ወደ ነቢዩ ዘንድ መሄዱን ኹናስ ሰማች፤ ይህም አቆሰላት። ሲመጣም ወቀሰችው፤ ደግማ ልታስረውም አሰበች፤ እርሱ ግን ከእንግዲህ በፈቃዱ እንደማይታሰር አሳወቃት። አለቀሰች። ያን ጊዜ ልጅ ለእናቱ እንደሚሳሳላት ሆኖ፣ እንድትሰልም ለመናት። እምቢ አለች፤ የአባቶቿን እምነት ትታ በሰው ዘንድ መሳለቂያ መሆንን አልፈለገችም። ተለያዩ። ምናልባት በሙስዐብ ሕይወት ውስጥ ከሰይፍ ቁስል በላይ የሚከብደው ይህ ስንብት ነው፤ ለየሥሪብ አለቆች የከፈተው በር በገዛ እናቱ ቤት አልተከፈተለትም።

በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ በበድር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነጩን ሰንደቅ ለሙስዐብ ሰጡት። ድሉ ሲገኝ ከምርኮኞቹ መካከል የሙስዐብ ወንድም አቡ ዐዚዝ ነበረ። ሙስዐብ በአጠገቡ ሲያልፍ የማረከውን አንሷሪ እጁን አጥብቆ እንዲያስረው፣ እናቱ ሀብታም ስለሆነች ብዙ ቤዛ እንደምትከፍልለት ነገረው። አቡ ዐዚዝ በወንድሙ ንግግር ተደነቀ፤ ሙስዐብ ግን በዚያች ቀን ወንድሙ አሳሪው አንሷሪ መሆኑን ገለጸለት። እናቱም 4000 ድርሃም ከፍላ አስፈታችው።

በቀጣዩ ዓመት 3000 የሚሆን የቁረይሽ ጦር ወደ ኡሑድ መጣ፤ በሙስሊሞቹ በኩል የቆሙት 700 ያህል ነበሩ። የቁረይሽን ሰንደቅ የያዙት እንደ ልማዳቸው የዐብዱ-ዳር ልጆች መሆናቸው በታወቀ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሙስሊሞቹን ሰንደቅ ለዚያው ጎሳ ልጅ ለሙስዐብ ሰጡ። በዚያች ሜዳ የአንድ ቤት ልጆች ሁለት ሰንደቅ ይዘው ተፋጠጡ። በቁረይሽ ወገን ያሉት ዘመዶቹ ሰንደቁን እየተቀባበሉ አንድ በአንድ ወደቁ፤ ከእነርሱም መካከል የዚያ ሲሰግድ ያየው የዑስማን ኢብኑ ጠልሓ አባት፣ አጎቶችና ወንድሞች ነበሩ። (ዑስማን ራሱ ኋላ ሰልሟል፤ መካ በተከፈተች ዕለትም ነቢዩ የካዕባን ቁልፍ መልሰው በእጁ አኖሩለት፤ ቁልፉ እስከ ዛሬ በዚያው ቤተሰብ ዘንድ ነው።)

ድሉ ወደ ሙስሊሞቹ አዘንብሎ ሳለ፣ በትንሿ ኮረብታ ላይ ቦታቸውን እንዳይለቁ ከታዘዙት 50 ቀስተኞች አብዛኞቹ ምርኮ ለመሰብሰብ ወረዱ። በወቅቱ ገና ያልሰለመው ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ክፍተቱን አይቶ በፈረሰኞቹ ከኋላ ዞረ። ሰልፉ ተናጋ። ሙስዐብ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ኢብኑ ቀሚአህ የተባለ ፈረሰኛ መጥቶ ቀኝ እጁን በሰይፍ ቆረጠው፤ ሰንደቁን በግራው ያዘ። ግራውም ተቆረጠ፤ በቀሩት ክንዶቹ አቅፎ ከደረቱ ጋር አጣበቀው። በሦስተኛው በጦር ተወግቶ ወደቀ። ገዳዩ ነቢዩን የገደለ መስሎት ወሬውን በሜዳው ላይ አስተጋባ፤ የብዙ ሙስሊሞች ጉልበት የከዳውም በዚያች ቅጽበት ነው። ስለዚህ ዕለት በወረዱት የሱረቱ ኣሊ ዒምራን አንቀጾች ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከእርሳቸው በፊት እንደነበሩት መልእክተኞች ሁሉ መልእክተኛ መሆናቸው፣ ቢሞቱ ወይም ቢገደሉ ወደ ኋላ መመለስ እንደማይገባ አማኞቹ ተገሥጸዋል።

ጦርነቱ አብቅቶ ሸሂዶቹ ሲሰበሰቡ ለሙስዐብ ከፈን የሚሆን ከአንዲት ባለ መስመር የሱፍ ጨርቅ በቀር አልተገኘም። ራሱን ሲሸፍኑት እግሩ ይወጣል፤ እግሩን ሲሸፍኑት ራሱ ይወጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሱን በጨርቁ እንዲሸፍኑ፣ በእግሩ ላይ ኢዝኺር የተባለውን መዓዛማ ሣር እንዲያደርጉ አዘዙ። በመካ ከሁሉ አጊጦ የኖረው ወጣት አርባ ዓመት ገደማ ሲሆነው የተሰናበተው እንዲህ ነው። ሸሂዶቹ ሳይታጠቡ ከነደማቸው፣ ሁለትና ሦስት ሆነው በአንድ መቃብር ተቀበሩ፤ ቁርኣን አብልጦ የሸመደደው ወደ ቂብላ በኩል ይቀደም ነበር። ወደ መዲና የተወሰዱ አስከሬኖችም ወደወደቁበት እንዲመለሱ ታዘዘ። ሸማስ ቆስሎ ከተማ ከገባ በኋላ ቢሞትም ወደ ኡሑድ ተመልሶ ከጓዶቹ ጋር ተቀበረ።

የሙስዐብ ሚስት ሐምና ቢንት ጀሕሽ የሦስት ሰው መርዶ በአንድ ቀን ደረሳት። የወንድሟ የዐብደላህ ሞት ሲነገራት ሁላችንም የአላህ ነን፣ ወደ እርሱም ተመላሾች ነን ብላ ምሕረት ለመነችለት። የአጎቷ የሐምዛ ሲነገራትም እንዲሁ አለች። የባሏ ሲነገራት ግን መታገሥ አቅቷት ጮኸች። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ባል በሚስቱ ልብ ውስጥ የተለየ ስፍራ እንዳለው ተናገሩ እንጂ አልገሠጿትም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እነዚህን ባልደረቦቻቸውን አልረሱም። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በሕይወታቸው መጨረሻ አካባቢ፣ ወደ ኡሑድ ወጥተው ሕያዋንንም ሙታንንም እንደሚሰናበት ሰው ሆነው ዱዓ አደረጉላቸው። የዛሬው ዘያሪ የሚከተለው ይህንኑ ፈለግ ነው፤ ለሟቾቹ ሰላምታ ያቀርባል፣ ለእነርሱም አላህን ይለምናል እንጂ ከእነርሱ አይለምንም። ከመቃብሩ ትይዩ ያለችውን የቀስተኞቹን ኮረብታ የወጣ ሰው የዚያች ዕለት ነገር እንዴት እንደተገለበጠ በዓይኑ ይረዳል።

ዓመታት አለፉ፤ ሙስሊሞች ሀብት አገኙ። ከሙስዐብ ጋር በመጀመሪያው ስደት ወደ ሀበሻ የተሻገረው ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) በመዲና ከታወቁት ባለጸጎች አንዱ ሆነ። አንድ ቀን ጾሞ ውሎ ማፍጠሪያ ቀረበለት። ምግቡን ሲያይ ሙስዐብ ትዝ አለው፤ ከእርሱ የሚበልጠው ያ ሰው በአንዲት አጭር ጨርቅ መከፈኑን አነሣ፤ ሐምዛንም አነሣ። ከእነርሱ በኋላ ዓለም እንዲህ መዘርጋቷን አስቦ፣ የመልካም ሥራቸው ዋጋ በዚህች ዓለም ተቀድሞ ተከፍሏቸው እንዳይሆን ፈራ። ማልቀስ ጀመረ፤ ምግቡም እንደቀረበ ቀረ።