ፍሬ ጽዮን፣ የዳጋው ሰዓሊ

ከቆላ ድባ ወደ ጎርጎራ ወርዶ በጣና ላይ ወደ ደቡብ የሚሻገር መንገደኛ፣ በውሃው መካከል እንደ ሾጣጣ ኮረብታ ብቅ ያለችውን የዳጋን ደሴት ያገኛል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኂሩተ አምላክ በመሠረቱት በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በእንጨት ሠሌዳ ላይ የተሣለ አንድ ትልቅ የእመቤታችን ሥዕል ተጠብቆ ይኖራል። በላዩ የሰፈረው የግእዝ ጽሑፍ፣ ሥራው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1434–1468)፣ ይስሐቅ የዳጋ አበምኔት በነበሩ ጊዜ መሠራቱን፣ ሠሪውም ፍሬ ጽዮን መሆኑን ያስረዳል። ሰዓሊው ራሱን ኃጢአተኛ ብሎ ጠርቷል። በዚያ ዘመን ስማቸው በሥራቸው ላይ የተጻፈ ሰዓልያን እጅግ ጥቂት ስለ ነበሩ፣ ይህ ጽሑፍ ለታሪካችን ትልቅ ሀብት ነው።

የሠሌዳ ሥዕል ሳይስፋፋ፣ የአገራችን ሰዓሊ እጁን የሚያሠለጥነው በብራና ላይ ነበር። ጸሐፊው የፍየሉን ቆዳ ፍቆና አለስልሶ፣ መስመሩንም በወስፌ አስምሮ ቃሉን ይጽፋል፤ ሰዓሊው ደግሞ የተተወለትን ገጽ በመልክ ይሞላል። ለዳጋ ጎረቤት በሆነው በክብራን ገብርኤል የሚገኘው ጥንታዊ ብራና ወንጌል፣ የወንጌላውያኑን መልክ እንዲህ አድርጎ ያሳያል። የፍሬ ጽዮንን ሥራ የሚመለከት ሰው፣ በቀጭኑ መስመርና በልብሱ እጥፋት ላይ የዚህን የመጽሐፍ ሰዓሊ እጅ ይለያል። ከባሕር ማዶ፣ በተለይም ከኢጣልያ፣ የመጡ ሥዕሎችንም ሳይመለከት አልቀረም።

ሥዕሉና መጽሐፉ የተገናኙበት ሌላም ምክንያት አለ። በላቲናውያን ዘንድ በ12ኛው መቶ ዓመት የተሰበሰቡት የእመቤታችን ተአምራት፣ በዐረብኛ በኩል አልፈው በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግእዝ ተተርጉመው ነበር። ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ተአምረ ማርያም በ33ቱ የእመቤታችን በዓላት በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ፣ ለሥዕሏም ስግደት እንዲቀርብ አዘዙ። እንግዲህ የፈረንሳይ ምእመን የሰማውን ተአምር የጣና ገበሬም ይሰማው ነበር ማለት ነው። መጽሐፉ ጆሮን ሲያስተምር ዐይን የሚያርፍበት ሥዕል ያስፈልግ ነበርና፣ ፍሬ ጽዮን የተነሣው ለዚህ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ትእዛዙ መራራ ጎን ነበረው። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ለእመቤታችንና ለመስቀሉ አንሰግድም ብለዋል ተብለው ተከሰሱ፤ ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ የሞቱም አሉ። የንጉሡን መንፈሳዊ ቅንዓት ስናመሰግን ይህን መሸፈን አይገባም። የሚያስደንቀው ግን፣ የእነዚሁ መነኮሳት ገዳም ጉንዳ ጉንዴ ቆይቶ ባማሩ የብራና ሥዕሎቹ መታወቁ ነው።

በፍሬ ጽዮን ሥዕል ውስጥ የዚህ ሁሉ ጭካኔ ጥላ አይታይም። ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ ይዘው በግራና በቀኝ ይቆማሉ፤ እናቲቱ ግን ፊቷ ረዘም ያለ፣ ዐይኖቿ ለስላሳ፣ ርኅራኄ የሞላባት ናት። በእሱና በተከታዮቹ እጅ በወጡት ሥዕሎች ላይ አበባ ይዛ፣ ሕፃኑም በእጇ ላይ ተደላድሎ እናያለን። ንጉሡ በትእዛዝ የፈለጉትን ፍቅር ሰዓሊው በቀለም ያገኘው ይመስለኛል። ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለሕፃናት ስለ እመቤታችን ስታስረዱ ከዚህ ሥዕል መጀመር ትችላላችሁ።

ከእርሱ በኋላ አሣሣሉን የተከተሉ ሰዓልያን በሠሌዳም በብራናም ሠርተዋል፤ ከሥራዎቻቸው አንዱ ዛሬ በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ በዎልተርስ ሙዚየም ይገኛል። ወደ 1600 ዓመተ ምሕረት (እ.ኤ.አ.) ገደማ ኢየሱሳውያን በሮም ሳንታ ማርያ ማጆሬ ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል ግልባጭ አመጡ። ቀስ በቀስም የጎንደር ሰዓልያን በዚያ አምሳል መሣል ጀመሩ፤ የፍሬ ጽዮን መልክ እየራቀ ሄደ።

ወደ ዳጋ ሴቶች አይገቡም፤ ስለዚህ ከምእመናኖቻችን እኩሌታዎቹ ሥዕሉን የሚያውቁት በፎቶግራፍ ብቻ ነው። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ዐፅም በዚያው ገዳም፣ በእርሳቸው ዘመን ከተሣለው ሥዕል ጋር ይገኛል።