አገር ያበሉት፣ አገራቸው ያልገቡት እቴጌ

ቅዳሜ ማታ ጓደኞቻችንን ቤት ጠርተን ትንሽ እንጫወት ስንል መጠጡ ብዙም አያስጨንቅም። ጠላው ከሰፈር፣ ቢራው ከሱቅ ይመጣል። ጭንቅ የሚሆነው ምግቡ ነው። ምን ይቅረብ? ይበቃል ወይ? ሰው ቤቴን አይቶ ምን ይለኛል? ብዙዎቻችን በዚህ ሐሳብ ብቻ ጥሪውን እንሰርዘዋለን። እጅ ሲያጥረን ደግሞ ጭራሽ በራችንን እንዘጋለን።

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ነው። ስማቸው ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው ዐድዋን ነው። ግን እኚህ ሴት ድግስ ማለት አገር ማሰባሰቢያ መሆኑን ከማንም በላይ የተረዱ ሰው ነበሩ።

የደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያምና የወይዘሮ የውብዳር ልጅ ናቸው። በአማርኛ የተጻፉ ታሪኮች የትውልድ ቦታቸውን ደብረ ታቦር ያደርጉታል። ደብረ ታቦር ያኔ ተራ ከተማ አልነበረችም። ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት፣ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ፣ በኋላም አፄ ቴዎድሮስ የከተሙባት ናት። ሠራዊት ይከትማል፣ መኳንንት ይመጣል፣ ይሄዳል። የመጣው ሁሉ ደግሞ መብላትና መጠጣት አለበት።

የጣይቱ ቤተሰብ ግን የተሸነፈ ቤተሰብ ነበር። አጎታቸው የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በቴዎድሮስ ድል ተመተዋል። ጣይቱ ማንበብና መጻፍ ተማሩ፣ በገና ደረደሩ፣ ሰንጠረዥ ተጫወቱ። ከአንድም ሁለት ጊዜ አግብተው ፈቱ። በኋላ ግን በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ፣ አንኮበር መድኃኔ ዓለም ላይ፣ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር በቁርባን ተጋቡ።

እስቲ አስቡት። ከበጌምድር የመጣች ሴት ሸዋ ቤተ መንግሥት ስትገባ የሚጠብቃት የሚጠራጠር ዓይን ነው። መኳንንቱ የራሱ ዘመድ፣ የራሱ ወገን አለው። እሳቸው እንግዳ ናቸው። እንግዳዋ ግን ብዙም ሳይቆዩ ባለቤት ሆኑ። አንዱ መንገዳቸው ጓዳው ነበር።

በ1880 ዓ.ም. አካባቢ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ጣይቱ ለቀናት የዘለቀ ግብር አበሉ። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ስለ አፍሪካ ምግብ በጻፈው መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለዚህ ድግስ ሰጥቶታል። የሰሜኑም፣ የሸዋውም፣ የሌላውም አገር ሰው በአንድ ዳስ ሥር ተቀምጦ አንድ ዓይነት ወጥ በላ፣ አንድ ዓይነት ጠጅ ጠጣ። ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ ብለን በአንድ ትሪ የምናቀርበው ነገር ቅርጽ የያዘው እንዲህ ባሉ ግብሮች ላይ ነው።

ግብር እኮ ቀልድ አይደለም። ጠጁ ከሳምንታት በፊት መጣል አለበት። ጌሾው መወቀጥ፣ በርበሬው መደለዝ፣ ቅቤው መነጠር አለበት። እንግዳው በማዕረጉ ይቀመጣል፤ የሥጋው ብልት ሳይቀር በማዕረግ ይታደላል። መኳንንቱ በልተው ሲነሱ ሌላው ይገባል፣ እሱ ሲነሳ ሌላው። በዙር ነው። ይህን ሁሉ የሚያስተባብር ሰው ምግብ አዋቂ ብቻ ሳይሆን ሰው አዋቂም መሆን አለበት።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። ከውጭ በገቡ ከብቶች የመጣው በሽታ በሬውን ጨረሰው። ማሳው ጦም አደረ፣ ሕዝቡ በረሃብ አለቀ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ሲቆፍሩ የታዩት ያኔ ነው። ጣይቱ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ የእቴጌነት ዘውድ የጫኑት በዚሁ በክፉ ቀን ውስጥ ነበር። ማዕድ ሲሞላ ብቻ ሳይሆን ሲጎድልም ምን እንደሚመስል ያዩ ሴት ናቸው።

በ1888ቱ የዐድዋ ዘመቻ ደግሞ ጓዳቸው ከሠራዊቱ ጋር ዘመተ። ያ ሁሉ ሰው ከሸዋ እስከ ትግራይ በእግሩ የተጓዘው ስንቅ ተሸክሞ ነው። በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ቆሎ። የማይበላሽ፣ ቶሎ የሚደርስ ምግብ። መቀሌ ላይ የጣሊያን ጦር ምሽግ ይዞ አልወጣ ሲል ጣይቱ ውኃውን አስያዙበት። ምሽጉም ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ተለቀቀ። እንግዳን በጠጅ የሚያረካ ሰው ጥማት ምን እንደሚያደርግም ያውቃል። ዐድዋ ላይ ደግሞ ሴቶቹን አስተባብረው ለተዋጊው ውኃ አደረሱ።

ከድሉ በኋላ ያደረጉትን ዛሬም ፒያሳ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራው እቴጌ ሆቴል ሥራ ጀመረ። በዚያ ዘመን ምግብ ሠርቶ መሸጥ ነውር ነበር። እንግዳ ይበላል እንጂ እንዴት ይከፍላል? እንደሚተረከው መጀመሪያ ገበያተኛ ጠፋ። ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው እየበሉ እንዲከፍሉ ካለማመዷቸው በኋላ ነው ነገሩ የተለመደው። ሆቴሉ በ2007 ዓ.ም. በእሳት ቢጎዳም አልጠፋም።

እንግዲህ ከእሳቸው ሕይወት ለቅዳሜያችን ምን እንውሰድ? ግብሩን አይደለም፤ ስንቁን ነው።

ቋንጣ ካለ ድርቆሽ ፍርፍር ከ20 ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ቀድሞ ከተዘጋጀ እንግዳ በባዶ ሆዱ መጠጥ አይጀምርም። አንድ እጁ ብርጭቆ ስለሚይዝ በሌላው እጁ ብቻ የሚበላ ነገር ይመረጣል። ከደብረ ታቦር አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ ድንቹ አለላችሁ፦ ከነልጣጩ ቀቅሎ፣ ለሁለት ከፍሎ፣ በዘይት የተለወሰ አዋዜ ማቅረብ። የፎገራ ሩዝ በአትክልት ተሠርቶ በሰፊ ሳህን ቢወጣ ለብዙ ሰው ይበቃል። የጣና ዓሣ ካገኛችሁ በትንንሹ ቆርጦ መጥበስ ነው። ነሐሴ 13 ለቡሄ የምንጋግረው ሙልሙልም ለቡሄ ብቻ ነው ያለው የለም። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ አዚፋና ሱፍ ፍትፍት አለ። አልኮል ለማይጠጣው ማር በውኃ በጥብጦ ብርዝ ማቅረብ እንጂ ለስላሳ አለልህ ብሎ ማለፍ ደስ አይልም። በርበሬ የማይችል ካለም አንድ አልጫ ይኑር። ሰው በዛ ብላችሁ አትደንግጡ፤ በዙር ማብላት የግብር ሥርዓት እንጂ ነውር አይደለም።

የጣይቱ መጨረሻ ግን እንደ ድግሳቸው አልነበረም። ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ ሥልጣኑ በእጃቸው ገባ፤ መኳንንቱ ግን አልታገሷቸውም። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ ገለል እንዲሉ ተደረገ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ወጡ። ያን ታላቅ ግብር ያበሉበት ተራራ ላይ፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በጸሎት ተወስነው ኖሩ። ቤታቸው በሺህ የሚቆጠር ሰው ይገባ የነበረ ሴት አሁን ጠያቂያቸው ጥቂት ነበር።

በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ነገር ጠየቁ። ቀሪ ዘመናቸውን ጎንደር ሄደው ለመጨረስ እንዲፈቀድላቸው። አልተፈቀደም። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ አረፉ። ዛሬ አስከሬናቸው አዲስ አበባ በበአታ ለማርያም፣ ከባለቤታቸው ጎን ነው።

ያን ሁሉ እንግዳ ተቀብለው ሲያበቁ፣ እሳቸው እንደ እንግዳ ከአገራቸው ርቀው አለፉ።

ስለዚህ በዚህ ቅዳሜ የምትጠሩትን ሰው ስታስቡ አንድ ስም ጨምሩ። ለትምህርት ወይም ለሥራ ከአገሩ ርቆ የመጣ፣ ሰፈሩን የማያውቅ፣ ማንም የማይጠራው የሥራ ባልደረባ ወይም ጎረቤት ይኖራል። ድንች በአዋዜም ቢሆን ይበቃዋል። ዋናው መጠራቱ ነው።