ዶክተር አክሊሉ ለማ እና እንዶድ

ቢልሃርዚያ ቀስ ብሎ የሚገድል በሽታ ነው። የትሉ እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ወንዝ ይገባል፤ በቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ውሃ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ጉበቱን ለዓመታት ይጎዳል።

ዶክተር አክሊሉ ይህንኑ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ዐድዋ ላይ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ለካስ የእናቶቻችን ሳሙና መድኃኒትም ኖሯል! ከ1969 እስከ 1974 እዚያው በተደረገው ሙከራ በሽታው በሕፃናት ላይ ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሆኖም አገር ውስጥ የተሠራው ጥናት በውጭ ባለሙያዎች ዘንድ ተቀባይነት አጥቶ ብዙ ዓመታት ባከኑ። እሳቸው ግን አልታከቱም። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1997 አረፉ።

ነገ ገጠር የምንዘምት እጩ መምህራን፣ የሕዝብን ዕውቀት ሳንንቅ እንመርምር! ተማሪዎቻችንም ወንዝ ዳር እንዳይጸዳዱ እናስተምር!