የእርጎን ምሥጢር የገለጡት የገጠር ልጅ

እርጎ በሰው ልጅ ገበታ ላይ ሺህ ዓመታትን አስቆጥሯል። ወተቱን የሚያረጋው ምን እንደሆነ ግን ለዘመናት በውል ሳይታወቅ ቆይቷል። ይህን ምሥጢር ከገለጡት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ ቡልጋሪያዊው ሐኪም ስታመን ግሪጎሮቭ ናቸው።

ግሪጎሮቭ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1878 በምዕራብ ቡልጋሪያ፣ በትሩን አካባቢ በምትገኘው ስቱደን ኢዝቮር መንደር ተወለዱ። ሕክምና ለማጥናት ወደ ስዊዘርላንድ አቅንተው በጄኔቫ በፕሮፌሰር ሌዎን ማሶል ቤተ ሙከራ በረዳትነት ሠሩ።

ለምርምር የመረጡት ብርቅ ነገር አልነበረም፤ ከትውልድ ቀያቸው በሸክላ ዕቃ የመጣ የቤት እርጎ ነበር። በእርጎው ውስጥ ያሉትን ተሕዋስያን በአጉሊ መነጽር እየመረመሩ፣ አንዱን ከሌላው እየለዩ አሳደጉ። በ1905ም በትር መሰል ባክቴሪያ ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። ይህ ባክቴሪያ የወተትን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጣል። አሲዱም ወተቱን ያረጋዋል፣ ያጎመዝዘዋል፣ ብዙ አበላሺ ተሕዋስያንንም ይገታል። ግኝቱ በአገራቸው ስም ላክቶባሲለስ ቡልጋሪከስ ተባለ።

ዜናው በፓሪስ የፓስተር ተቋም ይሠሩ ለነበሩት ለኤሊ ሜችኒኮቭ ደረሰ። በ1908 የኖቤል ተሸላሚ የሆኑት እኒህ ሳይንቲስት እርጎ ዕድሜን ለማራዘም ይረዳል ብለው አስተማሩ። ኋላ የተደረጉ ምርምሮች ባክቴሪያው በሰው አንጀት ውስጥ በቋሚነት እንደማይሰፍር አሳይተዋል። ወተት ሲጠጡ ሆዳቸውን ለሚነፋቸው ሰዎች ግን የወተቱን ስኳር ለመፍጨት እንደሚያግዝ ተረጋግጧል።

ግሪጎሮቭ ዝና በውጭ አገር አላስቀራቸውም። ወደ ትሩን ተመልሰው የሆስፒታል ኃላፊ በመሆን ወገናቸውን አከሙ፤ በ1945 አረፉ። ዛሬ በትውልድ መንደራቸው የእርጎ ሙዚየም ይገኛል።

የሥራቸው ፍሬ ለእኛም አርሶ አደር ቅርብ ነው። በአገራችን እርጎ በብዛት የሚዘጋጀው ያልተፈላ ወተት በታጠነ ዕቃ ውስጥ በራሱ እንዲረጋ በመተው ነው። በዚህ መንገድ ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ ይሁን እንጂ ከታመመች ላም የወጣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የብሩሴሎሲስ ተሕዋስ በመርጋቱ ብቻ ይሞታል ማለት አይቻልም። ጠቃሚውን ለይቶ ማወቅ የሚበጀው እዚህ ላይ ነው። ወተቱን አፍልቶ ጎጂውን መግደል፣ ለብ ሲል ደግሞ ከተፈላ ወተት ከተዘጋጀ እርጎ ጥቂት ጨምሮ ጠቃሚውን መመለስ ይቻላል። እንዲህ ሲደረግ የእርጎው ጣዕምም የቤተሰቡ ጤናም ይጠበቃል።