ፓስተርና ጥንቸሎቹ

በሞርሲቶም ሆነ በሆሳዕና፣ ልጁ በእብድ ውሻ የተነከሰበት አባት ወደ ጤና ጣቢያ የሚሮጠው ክትባቱ በጊዜ ይደርስልኛል በሚል ተስፋ ነው። የዚህ ተስፋ መሠረት የተጣለው ከ140 ዓመት ገደማ በፊት በፓሪስ ከተማ ሲሆን፣ መሠረቱን የጣለው ሉዊ ፓስተር ሐኪም ሳይሆን የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር።

ፓስተር በ1822 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዶል በተባለች የፈረንሳይ ከተማ ከአንድ ቆዳ አልፊ ተወለደ። ስለ መብላላት፣ ስለ ሐር ትል በሽታና ስለ አባ ሰንጋ ባደረገው ምርምር ስሙ ገነነ። በ1868 አንጎሉን በመታው ሕመም ግራ ጎኑ ቢሽመደመድም ሥራውን አላቋረጠም።

በ1880 ማብቂያ ፊቱን ወደ እብድ ውሻ በሽታ ሲያዞር ሁለት ችግሮች ገጠሙት። የበሽታው ጠንቅ በዘመኑ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ በብልቃጥም አይራባም። በውሻ ላይ ሲሞከር ደግሞ ሕመሙ የሚገለጥበት ጊዜ ከሳምንታት እስከ ወራት ይለያያል። መለኪያ ያልተገኘለትን ነገር መቆጣጠር እንደማይቻል የሙያ ባልደረቦቼ በሚገባ ያውቁታል። ፓስተር መለኪያውን ያገኘው በጥንቸል ነው።

በሽታው ወደ ጥንቸል እንደሚተላለፍ በ1879 ያሳየው የሊዮኑ የእንስሳት ሕክምና መምህር ጋልቲዬ ነበር። ፓስተርና ረዳቱ ኤሚል ሩ በበሽታው ከሞተ እንስሳ አንጎል የተወሰደውን ናሙና በቀጥታ በጥንቸል አንጎል ሽፋን ሥር አስገቡ። ከአንዱ ወደ ሌላው ደጋግመው ሲያሸጋግሩት፣ አስቀድሞ 15 ቀን ያህል ይፈጅ የነበረው ጊዜ እያጠረ ሄዶ በ7 ቀን ላይ ጸና። የማይታየው ነገር በቀን የሚለካ ሆነ።

ቀጥሎም የሞቱትን ጥንቸሎች ኅብለ ሰረሰር ፖታሽ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አንጠልጥሎ በደረቅ አየር አቆየው። በቆየ ቁጥር ኃይሉ እየደከመ ሄዶ በሁለት ሳምንት ገደማ ጉዳት የማያደርስ ሆነ። ጁላይ 6 ቀን 1885 ጆሴፍ ሜስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ ከአልዛስ መጣ። ፓስተር ሐኪም ስላልነበረ መርፌውን የጀመረው ዶክተር ግራንሼ ነው። ከደካማው ተነሥቶ ወደ ብርቱው በ13 መርፌ ተከተበ፤ በሽታውም አልታየበትም። በዚያው ዓመት ግን ከተነከሰች ከ37 ቀን በኋላ የመጣች ልጅ ሞተች።

የፓስተር የላቦራቶሪ መዝገቦች በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲመረመሩ፣ ሜስተር በተከተበ ጊዜ በዚሁ አሠራር በውሾች ላይ የሚደረገው ሙከራ ገና እንዳልተጠናቀቀ ታወቀ። በሽታው ከተገለጠ መዳኛ ስላልነበረው ውሳኔውን መረዳት አያዳግትም። ይሁን እንጂ ያልተፈተሸ ድልድይ የመጀመሪያውን መኪና በደኅና ስላሳለፈ ፍተሻው ቀርቷል አይባልም። ጥንቸሎቹ የሰጡት ትክክለኛ ልኬት ለሕዝብ ከሚነገረው እውነት ጋር መስማማት ነበረበት።

ፓስተር በ1895 አረፈ። በ1950ዎቹ ስሙን የያዘ ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ነበር፤ በአገራችንም ለብዙ ዓመታት ከበግ አንጎል የተሠራ ክትባት ሲሰጥ ቆይቷል። ዛሬ በላቦራቶሪ በሚራቡ ሕዋሳት ከሚዘጋጁት ክትባቶች አንዳንዶቹ ከእነዚያ የፓሪስ ጥንቸሎች የወረደ የቫይረስ ዘር አላቸው። የሞርሲቶው አባት ይህን ሁሉ ባያውቅም፣ የልጁን ቁስል ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ከወሰደው የፓስተር ድካም ፍሬ ያፈራል።