ግሬስ ሆፐር

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ነገር ግን የተጻፈ ሁሉ ይወረሳልን? ወራሹ ሊያነበው ካልቻለ ከተረሳው በምን ይሻላል? ይህን ጥያቄ በኮምፒዩተር ሥራ ላይ ያነሣችውን ሴት የሕይወት ታሪክ ቀጥሎ ታነባላችሁ።

ግሬስ ሆፐር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ተወለደች። በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበለች፤ በቫሳር ኮሌጅም አስተማረች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት በ1943 ወደ አሜሪካ ባሕር ኃይል ገባች። በሚቀጥለውም ዓመት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ አንድ በተባለው ግዙፍ የስሌት መኪና ላይ እንድትሠራ ተመደበች።

በዚያን ዘመን ለመኪናው የሚሰጠው ትእዛዝ በቁጥርና በምልክት የተሞላ እንደ ነበረ ልብ በሉ። ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሊረዳው አይችልም ነበር፤ የጻፈውም ሰው ቢሆን ውሎ ሲያድር ይቸገርበት ነበር። ስለዚህ ስሕተትን ፈልጎ ማረምም ሆነ ሥራውን ለሌላ ማስተላለፍ እጅግ አድካሚ ነበር።

ግሬስ በ1952 ኤ ዜሮ የተሰኘውን ኮምፓይለር ሠራች። ከዚያም ለንግድ ሥራ የሚውል ፕሮግራም በተራ የእንግሊዝኛ ቃላት ቢጻፍ እንደሚሻል ሐሳብ አቀረበች። አለቆቿ ግን ኮምፒዩተር እንግሊዝኛ አያውቅም በማለት አልተቀበሏትም። እርሷም ተስፋ ሳትቆርጥ ከባልደረቦቿ ጋር ፍሎው ማቲክ የተባለውን ቋንቋ አዘጋጀች። በ1959 ኮቦል የተባለውን ቋንቋ ለመንደፍ ኮሚቴ ሲቋቋም ዋነኛው መሠረት ይኸው ሥራዋ ሆነ።

በኮቦል መደመር ሲያስፈልግ ደምር የሚል ትርጉም ያለው ቃል ይጻፋል፤ ደመወዝም ደመወዝ ተብሎ ሊሰየም ይችላል። ቃላቱ በዝተዋል ብለው የነቀፉ ሊቃውንት ነበሩ። ነቀፌታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ ቃሉ ግልጽ ቢሆንም እንኳ አደረጃጀቱ የተዘበራረቀ ፕሮግራም አንባቢውን ያደናግራልና። ይሁን እንጂ ዓመተ ምሕረትን በሁለት አኃዝ ብቻ የመዘገቡ አሮጌ ፕሮግራሞች የ2000 ዓ.ም. መግቢያ ሲቃረብ መታረም ነበረባቸው። አራሚዎቹም ሌሎች ከብዙ ዓመታት በፊት የጻፏቸውን የኮቦል መስመሮች እያነበቡ አስተካከሉ።

ግሬስ በ1986 በ79 ዓመቷ በሪር አድሚራልነት ማዕርግ ጡረታ ወጣች፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 ዐረፈች።

እናንተም አንድ ነገር በጻፋችሁ ቁጥር ነገ ሌላ ሰው እንደሚያነበውና እንደሚያርመው አትዘንጉ።