ኤድስገር ዳይክስትራና የማሽን መርዶ

በአቃቂ ቃሊቲ፣ እንደ ሌላውም የአዲስ አበባ ሰፈር ሁሉ፣ ሰው ሲሞት ሞቱን ለጎረቤት የሚያሰማ አለ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ማልዶ እየዞረ የሟቹን ስም፣ ቤቱንና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። የቅርብ ዘመዱ ሩቅ የሚኖር እንደ ሆነም መርዶው በማን አፍና በምን ሰዓት እንደሚነገር ሽማግሎች ይመክሩበታል። ይህ ሥርዓት ለሟቹ ክብር ብቻ የቆመ አይደለም፤ ለቀሪዎቹም ነው። ከሟቹ ጋር ቀጠሮ፣ ብድር ወይም ውል ያለው ሁሉ በከንቱ ሲጠብቅ እንዳይኖር ነው።

በኮምፒዩተርም ውስጥ ሞት አለ። አንድ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ ብዙ ጉዳይ የሚያከናውነው ሥራውን በየፈትሉ ከፍሎ ነው፤ ባለሙያዎቹ ይህን ፈትል ትሬድ ይሉታል። አንዱ ትሬድ ከፊደል ገበታው ጽሑፍ ይቀበላል፣ ሌላው ወደ ማተሚያው ይልካል፣ ሦስተኛው ሒሳብ ያሰላል። ከእነዚህ አንዱ ቊጥርን ለዜሮ ለማካፈል ቢሞክር ወይም ያልተፈቀደለትን የማኅደረ ትውስታ ክፍል ቢነካ ሥራውን ሳይጨርስ በድንገት ይሞታል። ሞቱን ለቀሩት የሚያረዳው ከርነል የተባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል ነው። ከርነሉ መርዶውን በትክክል መናገሩን መፈተን ዛሬ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለዚህ ሥራ መሠረቱን ከጣሉት ሰዎች አንዱ ግን በፈተና ብቻ መተማመንን አጥብቆ የሚነቅፍ ሆላንዳዊ ነበረ። የዚህን ሰው ሕይወት በአጭሩ እንመልከት፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤድስገር ዊቤ ዳይክስትራ በ1930 ዓ.ም. ሜይ 11 ቀን በሮተርዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ የኬሚስትሪ ሊቅና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፣ እናቱም የሒሳብ ዐዋቂ ነበሩ። ልጁ አሥር ዓመት በሞላው በሦስተኛው ቀን የጀርመን አውሮፕላኖች የሮተርዳምን መሐል ከተማ በቦምብ አጋዩት። ከጦርነቱ በኋላ ወጣቱ ሕግ ተምሮ አገሩን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለመወከል ይመኝ ነበር። ነገር ግን በሳይንስ ትምህርት ያገኘው ውጤት እጅግ ከፍ ያለ ስለ ነበረ በ1948 ዓ.ም. ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሒሳብና ፊዚክስ ማጥናት ጀመረ።

በ1951 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ለኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍን የሚያስተምር አጭር ኮርስ ተከታተለ። በሚቀጥለው ዓመት በአምስተርዳም የሒሳብ ማእከል በፕሮግራም ጸሐፊነት ተቀጠረ። ያን ጊዜ ይህ ሥራ እንደ ሙያ የሚቈጠር አልነበረም። ዳይክስትራም ፊዚክስን ትቼ ስም የሌለው ሥራ ብይዝ ነገ ምን እባላለሁ እያለ ይጨነቅ ነበር። አለቃው ቫን ዋይንጋርደን ግን ኮምፒዩተር ከእንግዲህ የሚጠፋ እንዳልሆነ፣ ሙያውንም የተከበረ ትምህርት ሊያደርጉት ከሚችሉት ሰዎች አንዱ ምናልባት እርሱ ራሱ እንደሚሆን መከረው። በ1957 ዓ.ም. ሚስት ሲያገባ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊዎች ሥራህ ምንድን ነው ቢሉት ፕሮግራም ጸሐፊ ብሎ መለሰ፤ እነርሱ ግን እንዲህ ያለ ሙያ የለም ብለው አልተቀበሉትም። ስለዚህ በጋብቻው ሰነድ ላይ የፊዚክስ ሊቅ ተብሎ ተጻፈ።

ከዚያ በፊት በ1956 ዓ.ም. ከእጮኛው ጋር ገበያ ሲዞር ደክሞት በአምስተርዳም አንድ ቡና ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው የሚያደርሰውን አጭሩን መንገድ የማግኛ ዘዴ በሃያ ደቂቃ ያህል፣ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ፣ በሐሳቡ አበጀ። ጽሑፉ በ1959 ዓ.ም. ታተመ። ዛሬ ከቃሊቲ ወደ ፒያሳ የሚያጥረውን መንገድ በስልኩ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ሐሳብ በተወለዱ ዘዴዎች ይገለገላል።

ከኛ ጉዳይ ጋር የሚገናኘው ታሪክ የሚጀምረው ግን በኤክስ ዋን ማሽን ነው። የማሽኑ ሠሪዎች ሎፕስትራና ስኮልተን አንድ አዲስ ነገር አሰቡ። ማተሚያው ወይም ሌላው መሣሪያ ሥራውን ሲጨርስ ማሽኑን በያዘው ሥራ መካከል ያቋርጠዋል፤ ማሽኑም ለተጠራበት ጉዳይ ምላሽ ሰጥቶ ወደ ቀድሞው ሥራው ይመለሳል። ዳይክስትራ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። ምክንያቱም ማቋረጡ በየትኛዋ ቅጽበት እንደሚመጣ አይታወቅም። አንድ ስሕተት ዛሬ ታይቶ ነገ ቢፈልጉት ላይገኝ ይችላል፤ ተመልሶ የማይታይ ስሕተት ደግሞ ከማሽኑ ይሁን ከፕሮግራሙ ማን ይፈርዳል? ሙከራ ብቻ እንደማይበቃ የተገለጠለት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ትክክል መሆኑን ገና ሲጻፍ በአእምሮ ማረጋገጥ ግዴታ መስሎ ታየው። በ1959 ዓ.ም. በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ያገኘበት ጽሑፍም በዚሁ ጉዳይ ላይ ነበረ።

በ1962 ዓ.ም. በአይንድሆፈን የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1965 ዓ.ም. ባሳተመው እጅግ አጭር ጽሑፍ አንድ ችግር አቅርቦ ፈታ። ብዙ ሠራተኞች በአንድ ዕቃ ሲጠቀሙ ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዳይነኩት ምን ይደረግ? ካስቀመጣቸው ግዴታዎች አንዱ እንዲህ ነው። ከሠራተኞቹ አንዱ ከዕቃው ርቆ ሳለ ቢቆም፣ መቆሙ የቀሩትን መንገድ ሊዘጋ አይገባም። እንግዲህ በድንገት የሚቆም ሠራተኛ ገና ከጥንቱ በሐሳቡ ነበረ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ግዴታ ከዕቃው ርቆ ስለሚቆመው እንጂ ዕቃውን በእጁ እንደ ያዘ ስለሚሞተው አይናገርም።

በዚያው ዘመን ሴማፎር የተባለውን መሣሪያ አመጣ። ስሙ የተወሰደው ከባቡር ሐዲድ ምልክት ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በአቃቂ በኩል አዲስ አበባ ይገባ የነበረው የጥንቱ ምድር ባቡር በአንድ ሐዲድ ብቻ የሚሄድ ነበረ። ስለዚህ ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ባቡሮች ሊተላለፉ የሚችሉት በጣቢያ ብቻ ነው፤ አንዱ ሐዲዱን ሲይዝ ሌላው ምልክቱ እስኪነሣለት ቆሞ ይጠብቃል። የዳይክስትራ ሴማፎርም እንዲሁ ነው። ትሬዱ ከመግባቱ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሲወጣ ፈቃዱን ይመልሳል፤ ፈቃድ ያጣው ይተኛል። ሥርዓቱ ያማረ ነው። ይሁን እንጂ ባቡሩ በሁለት ጣቢያ መካከል ተሰብሮ ቢቀርና ወሬ ነጋሪ ቢጠፋ፣ በጣቢያው የቆመው ባቡር እስከ መቼ ይጠብቃል?

በ1965 ዓ.ም. ለተማሪዎቹ በፈተና ያቀረበው ጥያቄ ይህንኑ በሌላ መልክ ያሳያል። ጥያቄው ሆር በተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ አማካይነት ፈላስፎች የገቡበት ታሪክ ሆነ። አምስት ፈላስፎች በክብ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠዋል። በየሁለቱ መካከል አንድ ሹካ አለ፤ ለመብላት ግን ሁለት ሹካ ያስፈልጋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ የግራቸውን ሹካ ቢያነሡ ሁሉም ይራባሉ። ለኛ ግን አንድ ጥያቄ እንጨምር። አንዱ ፈላስፋ ሹካውን እንደ ጨበጠ በገበታው ላይ ቢሞትስ? ጎረቤቱ ያሰላስላል እንጂ ሞቷል ብሎ አያስብም፤ ስለዚህ ሹካውን እየጠበቀ በረኃብ ያልቃል።

ዳይክስትራና ጥቂት ባልደረቦቹ ይህን ሁሉ ሐሳብ ይዘው ለኤክስ ኤይት ማሽን አንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሠሩ፤ ስሙንም በትምህርት ቤታቸው ስም አሳጥረው ጠሩት። ስለ እርሱ የጻፈው በ1968 ዓ.ም. ታተመ። ሲስተሙ እንደ ፎቅ ቤት በደርብ በደርብ የተሠራ ነው። ከሁሉ በታች ያለው ደርብ የማሽኑን ጊዜ ለየሥራው ያከፋፍላል፤ ከእርሱ በላይ ያለው ማኅደረ ትውስታውን ያስተዳድራል፤ እንዲህ እያለ እስከ ተጠቃሚው ፕሮግራም ይወጣል። ታችኛው ደርብ ተፈትኖ ሳያልቅ ላይኛው አይጨመርም። በፈተናው ጊዜ የታዩት ስሕተቶች በየአምስት መቶው ትእዛዝ አንድ ያህል ሲሆኑ፣ ሁሉም ቀላል የአጻጻፍ ግድፈቶች ነበሩ፤ እያንዳንዱም በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ተገኝቷል። ዳይክስትራ ከዚህ የወሰደው ትምህርት ፈተና ስሕተት መኖሩን እንጂ አለመኖሩን ሊያስረዳ አይችልም የሚል ነበር።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። በዩኒክስና በሊኑክስ አንድ ፕሮግራም ሲሞት ከርነሉ ለወላጁ የሞቱን ምክንያት በቊጥር ያስረክባል። ዜሮ በሰላም መጨረሱን ያመለክታል፤ ምልክት 11 የተከለከለ ማኅደረ ትውስታ መንካቱን፣ ምልክት 8 የሒሳብ ስሕተት መፈጸሙን፣ ምልክት 9 በግድ መገደሉን ይናገራል። ወላጁ መርዶውን እስኪቀበል ድረስም ሟቹ ስሙ ከመዝገብ አይፋቅም። ዕቃ እንደ ያዘ ለሚሞተውም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በሊኑክስ ልዩ ቊልፍ አለ፤ ቊልፉን ቀጥሎ የሚወስደው ባለቤቱ እንደ ሞተ ይነገረዋል። የተያዘውን ዕቃ አስተካክሎ መቀጠል ግን የእርሱ ፈንታ ነው።

ፈታኙ የሚሠራው እንግዲህ እንዲህ ነው። ሆን ብሎ የሚሞት ትሬድ ያዘጋጃል፤ አንዱን ለዜሮ ያካፍለዋል፣ አንዱን የተከለከለ ቦታ ያስነካዋል፣ አንዱን ቊልፍ እንዳስጨበጠ ይገድለዋል። ቀጥሎም ይጠይቃል። መርዶው ደረሰን? ለሚገባው ሰው ደረሰን? አንድ ጊዜ ብቻ ደረሰን? የሞተው እርሱ ራሱ ነው ወይስ የሌላ ስም ተጠራ? ምክንያቱስ እውነተኛው ነው? የያዘው ንብረት ተመለሰን? ነገሩ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በስልክ ገንዘብ ስንልክ፣ ሒሳቡ ከላኪው ተቀንሶ ለተቀባዩ ሳይደመር ሥራውን የያዘው ትሬድ ቢሞትና ማንም ባይሰማ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው።

ዳይክስትራ በ1972 ዓ.ም. በሙያው ከፍተኛ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ። በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ከማናቸውም የተበላሸ ሁኔታ ተነሥቶ በራሱ ጊዜ ወደ ትክክለኛው መንገድ የሚመለስ ሥርዓት ሊሠራ እንደሚቻል አሳየ። ጽሑፉ ለብዙ ዓመታት አንባቢ አላገኘም፤ በ2002 ዓ.ም. ግን ተሸላሚ ሆነ፤ ሽልማቱም ከዚያ በኋላ በእርሱ ስም ተጠራ። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኦስቲን አስተማረ። ኮምፒዩተርን ያስተማረ ይህ ሰው ከ1300 በላይ የሆኑ ማስታወሻዎች ጽፏል፤ ብዙዎቹንም በብዕር በእጁ ጽፎ፣ እያባዛ ለወዳጆቹ ይልክ ነበር። ይህን ማባዣ ማሽን ላይ ለምንሠራ ለኛ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። በ2002 ዓ.ም. ኦገስት 6 ቀን በአገሩ በኑነን በካንሰር በሽታ አረፈ።

ዳይክስትራ ሁሉን አላሸነፈም። የዛሬዎቹ ከርነሎች በብዙ ሚሊዮን መሥመር የተጻፉ ስለ ሆኑ ሁሉን በማስረጃ ማጽናት ያዳግታል። በ2009 ዓ.ም. አንድ ትንሽ ከርነል ከዐሥር ሺህ በማይበልጥ መሥመር ተጽፎ ትክክለኛነቱ በሒሳብ ማስረጃ መጽናቱ የእርሱ ሐሳብ ከንቱ እንዳልነበረ ይመሰክራል። ለቀረው ግን ፈታኝ ያስፈልጋል። ሁለቱ ጠላቶች አይደሉም። የመጀመሪያው ቤቱ እንዳይወድቅ አስቦ ይሠራል፤ ሁለተኛው ቢወድቅ ጩኸቱ እንዲሰማ ይጠብቃል።

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ከዚህ ምን እናገኛለን? ያልተሳካ ነገርን መሸፈን በኛም ዘንድ የተለመደ ነው። ኮሚቴው ይፈርሳል፣ ማንም አይናገርም፤ አባሎቹም ስብሰባ እየጠበቁ ይከርማሉ። የተጀመረው መጽሔት ይቆማል፣ ጽሑፍ የሰጠውም እትሙን ሲጠብቅ ይመረቃል። ጉዳቱ የሚመጣው ከመቆሙ ይልቅ መቆሙ ሳይነገር በመቅረቱ ነው። ስለዚህ ሥራ የጀመረ ሁሉ ገና ሲጀምር አንድ ነገር ይወስን፦ ይህ ሥራ በመካከሉ ቢሞት ለሚጠብቁት የሚያረዳው ማን ነው?